እትዬ ሰከንድና በወረቀት የተሸፈነው ስም

በዚህ ፀሐይ እግራችሁ እስኪዝል ቆማችሁ እህቴን ለመሸኘት የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የትምህርት ቤት ባልደረቦቻቸው፣ ጎረቤቶች፣ እናንተም ከፊት የተሰለፋችሁ የአራተኛ ክፍል ልጆች፤ የሟችን ዜና ሕይወት እንዳነብ የተመረጥኩት ታላቅ ወንድማቸው በመሆኔ ነው። ዘመዶች ትናንት ተሰብስበው ያዘጋጁት ሌላ ጽሑፍ ነበረ፤ አንድ ገጽ ተኩል፣ ንጹሕ፣ ማንንም የማያስቀይም። እሱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይቀመጥ። እኔ የማነበው ዛሬ ማለዳ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ሲሆን፣ ይህንንም ያደረግሁት እህቴ በሕይወት ሳሉ አንድ እውነት በእነዚህ ልጆች ፊት እንድናገር ለምነውኝ፣ እሺ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ ቀጥሬ ሦስት ጊዜ ቀርቼ፣ ሳልናገር ስለሞቱብኝ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የምትሉኝ ካላችሁ በሉኝ፤ ልክ ናችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልናገር። ዕድሜ ልኬን «አንቺ» እያልኩ ሳዛቸው ኖሬ ዛሬ «እሳቸው» እያልኩ የማነበው የዜና ሕይወት ወግ ስለሆነ ነው። ሰውን የምናከብረው ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ መሆኑ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ወጉን እጠብቃለሁ።

እህቴ የተወለዱት ብረት በያጅ ከነበሩት ከአባታችንና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት ከእናታችን ሲሆን፣ ቤታችን ከፊት የብየዳ ሱቅ፣ ከኋላ ሁለት ጠባብ ክፍል ነበረ። እኔ በአንድ ዓመት ከአራት ወር እበልጣቸዋለሁ፤ ከእኛ ሌላ ልጅ አልተወለደም። አባታችን በወጣትነታቸው ሯጭ ለመሆን ሲመኙ ኖረው፣ አንድ ቀን ሊበይዱት ያቆሙት የበር ብረት ተንሸራትቶ ግራ እግራቸውን ስለሰበረው፣ ምኞታቸውን ከነሙሉ ክብደቱ ወደ እኔ አዛወሩት፤ ወደ እኔ ብቻ፣ ምክንያቱም ወንዱ እኔ ነበርኩ። የሩጫ ሰዓት ገዝተው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉና ከትምህርት በፊት በየቀኑ በሆስፒታሉ አጥር ዙሪያ ያስሮጡኝ ጀመር። የሩጫው መጨረሻ የሆስፒታሉ የኋላ በር፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ደጃፍ ሲሆን፣ እናታችን እዚያ ከማለዳ ጀምሮ አንሶላ ሲቀቅሉ ስለሚውሉ የእሳቸውን ምሳ የሚያደርሱት እህቴ ነበሩ። አባታችን ይህንኑ ለሥልጠና ተጠቀሙበትና እህቴን ምሳ ዕቃ አስይዘው ሃያ እርምጃ ካስቀደሟቸው በኋላ እኔን «ያዛት!» ብለው ይለቁኛል። አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልያዝኳቸውም። አባታችን ሰዓታቸውን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቁና፣ ልጅቷ እንዲህ የምትበረው ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ብላ ነው ይሉ ነበር። ሰዓቱ የሚያዘው ለእኔ ነበር፤ የእህቴን ሩጫ ማንም ለክቶት አያውቅም።

ሁለታችንም የተማርነው በሠፈራችን ትምህርት ቤት፣ በኋላ እህቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባስተማሩበት በዚሁ ትምህርት ቤት ነው። በዋናው ኮሪደር፣ ከመምህራን ማረፊያ በር ጎን፣ የትምህርት ቤቱ ክብረ ወሰኖች በነጭ ቀለም የተጻፉበት ጥቁር የእንጨት ሰሌዳ አለ። ያን ጊዜ በሰሌዳው ላይ አንዲትም ሴት አልነበረችም፤ ልትኖርም አትችልም ነበር፣ ምክንያቱም በዓመቱ ውድድር ሴቶች መቶ ሜትር ይሮጣሉ፣ እንቁላል በማንኪያ ይዘው ይራመዳሉ፣ ያሸነፈችውም አንድ ፍሬ ሳሙና ትሸለምና በዚያው ያበቃል። እህቴ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ሳሙናቸውን ይዘው ሲገቡ እናታችን ተቀብለው አሸተቱትና «ይኸው፣ ሥራዋን ከወዲሁ ሰጧት» ብለው ሳቁ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ዞር ብለው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እኔ አሥራ ሰባት፣ እህቴ አሥራ ስድስት ዓመት በሞላን ዓመት የከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚሳተፉበት ውድድር በእኛ ሜዳ ተዘጋጀ፤ እኔም ለአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ተመዘገብኩ። በዚያ ሳምንት ጭርት ይዞን ስለነበር እናታችን የሁለታችንንም ራስ በምላጭ ሙልጭ አድርገው ላጭተውን ነበር፤ ቁመታችን እኩል፣ ፊታችንም የአንድ እናት ልጅ ፊት ነውና በማልያ ቁጥር ካልሆነ ከሩቅ የሚለየን አልነበረም። ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው እኔ የኳስና የመረብ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ገብቼ ሆዴን ይዤ ተኛሁ። እህቴ ፈልገው አገኙኝ፤ አባባ ይገድለኛል አልኳቸው። አባታችን ከሜዳው ማዶ ሰዓታቸውን ይዘው፣ ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ዛሬ ጉድ ያሳያችኋል እያሉ ቆመዋል። እህቴ ማልያዬን ከላዬ አውልቀው ለበሱና ወጡ።

እህቴ እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ ያን ዕለት ሆዴን አሞኝ እንደነበረ ነው የሚያውቁት። ሆዴን አላመመኝም። ፈርቼ ነው። ይህን ለእሳቸውም ነግሬያቸው አላውቅም፤ ዛሬ ከእናንተ ጋር እኩል ይስሙት።

አርባ ሜትር ያህል ቀድመው ገቡ። አራት ደቂቃ ከሠላሳ አንድ ሰከንድ። በዚያ አቧራና ጠጠር ሜዳ ላይ ከዚያ በፊት እንደዚያ የሮጠ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም የለም። ሰዓት የያዙት የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ጠጋ ብለው የእህቴን ፊት አዩ፣ ሰዓቱን አዩ፣ የሌሎቹን ትምህርት ቤቶች መምህራን አዩ፤ ትምህርት ቤታችን በዚህ ውድድር አሸንፎ አያውቅም ነበርና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የእኔን ስም ጠሩ። እህቴ ውሃ ልጠጣ ብለው ሮጠው ወደ ዕቃው ክፍል መጡና ማልያውን መለሱልኝ። እኔም ላባቸው ገና ሳይደርቅበት ለብሼው፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ወጥቼ ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ አስጠለቅሁ። በማግስቱ ስሜ በሰሌዳው አናት ላይ ተጻፈ።

አባታችን አውቀው ነበር ወይ? አምስት ዓመት በየማለዳው ያዩትን አሯሯጥ ማዶ ለማዶ ሆነው ሳይለዩት ቀርተዋል ብዬ አላምንም። ነገር ግን ያን ቀን ከሰዓት ቤት ስንገባ እህቴን ጠርተው፣ ለወንድምሽ እግር ማጠቢያ ውሃ አሙቂ፣ ደክሞታል አሏቸው። አሞቁልኝ። እግሬንም ራሳቸው አጠቡኝ፤ የእሳቸው ተረከዝ ተሰንጥቆ ይደማ ነበር፣ የኔ ግን አቧራ እንኳ አልነካውም።

በዚያ ውጤት እኔ ለስፖርት ማሠልጠኛ ተቋም ተመረጥኩ። እህቴም በሩጫው ልቀጥል ብለው አባታችንን ቢለምኑ፣ ሴት ልጅ ሮጣ የት ትደርሳለች የሚል መልስ አገኙ። እህቴ የሮጡበትን ሰዓት ተቋም ገብቼ አንድ ቀን እንኳ መድገም አልቻልኩም፤ መጀመሪያ ጉንፋን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን እያልኩ ሁለት ዓመት ካሳለፍኩ በኋላ ወደ አስተዳደር ተዛወርኩ፤ በመጨረሻም የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ። ከመካከላችሁ ስለ ሴቶችና ስፖርት ያደረግሁትን ንግግር የሰማ ይኖራል። ጥሩ ንግግር ነበር፤ አጨብጭባችሁልኛል።

እህቴ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተመርቀው በሃያ ሁለት ዓመታቸው ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት በመምህርነት ተመለሱ፤ የኮሪደሩንም ሰሌዳ በቀን አራት ጊዜ በአጠገቡ እያለፉ ሠላሳ አምስት ዓመት አገለገሉ። በሥራ ላይ ሁለተኛ ዓመታቸውን እንደያዙ አባታችን በጽኑ ታመው ሊሞቱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው የሩጫ ሰዓታቸውን ከትራሳቸው ስር አውጥተው፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ፣ እጃቸውን በእኔ ላይ አሳልፈው ለእህቴ ሰጧቸው። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ከአንገታቸው ስላልወረደ ነው ተማሪዎች «እትዬ ሰከንድ» ያሏቸው።

የትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ተሰንጥቆ ሊጠግኑ ከመጡት ከቧንቧ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በቤት ሥራ የማይለግሙ ደግ ሰው ናቸው፤ እህቴ ሰዓቱን ከፍተው፣ ዕቃ አጥበህ የምትጨርስበት ፍጥነት ካምናው ወርዷል እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ እሳቸው ደግሞ ዘንድሮ ዕቃው ጨምሯል፣ ክብረ ወሰኔን በአግባቡ መዝግቢልኝ ይሉ ነበር። በዚያ ቤት ሳቅ ነበር። እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር ቶሎ እወጣ ነበር።

እናንት ልጆች የእትዬ ሰከንድን የማክሰኞ ትምህርት ታውቁታላችሁ፤ የማያውቁት እንዲያውቁት ልናገር። እህቴ ከየጋዜጣውና ከየመጽሔቱ ለዓመታት እየቆረጡ ካጠራቀሙት አሥር ውጤት መርጠው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን ብቻ ይጽፋሉ፤ ከጭንቅላት በላይ የተነሳ ኪሎ፣ በባሕር ላይ በዋና ያለፈ ሰዓት፣ የተወጣ ተራራ ከፍታ፣ በብስክሌት የተነዳ ርቀት። ከየቁጥሩ ጎን ያለውን ስም በወረቀት ቁራጭ ሸፍነው ይለጥፉና ልጆቹን የወንድ ነው ወይስ የሴት ብለው እጅ ያስወጣሉ። ልጆች ናቸውና፣ ቤታቸው የሰሙትን ነውና የሚያውቁት፣ ሴቶቹም ጭምር ከአሥሩ ዘጠኙን ለወንድ ይሰጣሉ። ከዚያ አንድ አንድ ልጅ እየወጣ ወረቀቱን ይልጣል። አሥሩም ሴቶች ናቸው። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ኪሎው የተጻፈበትን ልጦ ስሙን ሲያነብ፣ እትዬ ወረቀቱ ተሳስቷል ብሎ መልሶ ለጥፎት ክፍሉ በሳቅ ሞተ አሉ። እህቴ አልሳቁበትም፤ ስለሴትየዋ ሥልጠና፣ ስለ ሥራዋና ስለ ልጆቿ ነግረውት ሲያበቁ እንደገና እንዲልጠው አደረጉት። በሳምንቱ ደግሞ ሜዳ ይወስዷቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የእግር ኮቴ ብቻ እየሰሙ የሚሮጠው ማን እንደሆነ እንዲገምቱ ያደርጓቸዋል። ወንዶቹን ለማሳፈር አልነበረም፤ ከሰዓቱ በፊት አትፍረዱ ነበር የሚሉት፤ ማልያውንም ወንድ ሴት ሳይሉ በተራ ያሳጥቧቸዋል። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ልጄን ማልያ የምታሳጥቢው ሴት ልታደርጊው ነው ወይ ብለው እየጮሁ ቢመጡ፣ የሚታጠበው ማልያው ነው እንጂ ወንድነቱ አይደለም፣ አይለቅም አይዞዎት ብለው መለሷቸው። ሹፌሩ ዛሬ እዚህ አሉ። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

ታዲያ ትምህርቱ በየዓመቱ የሚበላሸው ልጆቹ ከክፍል ሲወጡ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የክብረ ወሰኑ ሰሌዳ አለ። ሜዳው ለአዲስ ሕንጻ ተቆርሶ ሩጫው ከቆመ ብዙ ጊዜ ስለሆነው የሰሌዳው አናት ላይ ያለው ያው አራት ደቂቃ ከሠላሳ አንድ ሰከንድ ነው፤ ከጎኑም የወንድ ስም አለ። ልጆቹ ቀና ብለው ያነቡና፣ እትዬ፣ ታዲያ ከእኛ ትምህርት ቤት አንደኛው ወንድ ነው አይደል ይላሉ። እህቴም አዎ፣ ወንድሜ ነው ይላሉ። ለተማሪ ዋሽተው የማያውቁ ሴት በየዓመቱ በዚያች ሰሌዳ ፊት ይዋሹ ነበር፤ የሚዋሹትም ለእኔ ነበር።

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጅ በእህቴ ክፍል ነበረች። ልጆቹ «ንፋስ» ይሏታል። እህቴ ሰዓቱን ይዘው በለኳት ቁጥር ፊታቸው ይለዋወጥ እንደነበር ባልደረቦቻቸው ያስታውሳሉ። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት አባቷ ከትምህርት አስወጥተው ሰው ቤት ሊያስቀጥሯት ሆነ። እህቴ ሄደው ቢለምኗቸው ዘበኛው በኮሪደሩ ይዘዋቸው ሄደው በባትሪያቸው ጫፍ ሰሌዳውን እየጠቆሙ፣ እትዬ፣ እኔ ይህን ሰሌዳ ሃያ ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ ከላይ እስከ ታች አንዲት ሴት ካሳዩኝ ልጄን አስቀራለሁ አሏቸው።

እህቴ ከዚያ በቀጥታ ቢሮዬ መጡ። ጸሐፊዬን አልፈው ገብተው በሩን ዘጉና፣ ቆመው፣ ወንድሜ ስምህን አንሳልኝ፣ ለእኔ አይደለም፣ አንዲት ልጅ እየጠፋችብኝ ነው አሉኝ። እኔም አሁን ይህ ማንን ይጠቅማል፣ ከሥራዬ ልታስወጪኝ ነው ወይ፣ የሞተውን አባታችንን ልታዋርጂ ነው ወይ አልኳቸው። ብዙ ተናገርኩ። እህቴ ሆድ ይፍጀው ብለው የዘጉትን በር ከፍተው ወጡ። ልጅቷም በዚያው ሳምንት ሄደች። ዛሬ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ናት፤ እናታችን ከሠሩበት ክፍል ውስጥ። እህቴ ታመው በተኙበት ወራት ሁሉ በደም የተነከረውን አንሶላቸውን ስትወስድና ስትመልስ የነበረችው እሷ ናት። ከኋላ፣ ከዛፉ ስር ቆማለች። ይህን የምናገረው እንድታዩአት አይደለም፤ እኔ እንዳየኋት እንድታውቀው ነው።

እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት ማሳል ጀምረው ሳንባቸው እንደተጎዳ በሐኪም ታወቀ። ሕመሙ እያደር ጠናባቸው። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ ያለችውን ዘጠኝ እርምጃ በዚያው ሰዓት እየለኩ፣ ዛሬ አርባ ሰከንድ፣ ዛሬ አንድ ደቂቃ ከሃያ እያሉ ለአስታማሚው ሁሉ ያስታውቁ ነበር። ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። አንድ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ብለው፣ ይህን አልመዘግበውም ብለው ሰዓቱን ዘጉ።

ይህ በሆነ በሳምንቱ አስጠሩኝ። የፈለጉት ነገር አንድ ነበር። አንድ ባልደረባቸው መሰላል ላይ ወጥተው በኮሪደሩ ሰሌዳ አናት ያለውን ስሜን በወረቀት እንዲሸፍኑ አድርገዋል፤ እኔ ማክሰኞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጥቼ በአራተኛ ክፍል ልጆች ፊት በገዛ እጄ እንድልጠውና እውነቱን እንድናገር፣ እሳቸውም በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው መጥተው እንዲሰሙ። አንተ ካልተናገርከው ተረት ይሆናል፣ ልጆቹ ከባለቤቱ አፍ ይስሙት አሉኝ። አልቅሼ እጃቸውን ስሜ እሺ አልኩ።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ስብሰባ አለኝ ብዬ አስነገርኩ። በሁለተኛው ማክሰኞ ጉልበቴን አመመኝ አልኩ፤ ያቺ የድሮዋ ጉልበቴ። በሦስተኛው ማክሰኞ ሄድኩ። መኪናዬን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሜ ተቀመጥኩ። ከመኪናው ውስጥ ሆኜ የክፍሉ መስኮት ይታየኛል፤ እህቴ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ከጎናቸው ሆኖ፣ አርባ ሦስት ልጆች ዙሪያቸውን ተቀምጠው በሩን በሩን ያያሉ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተቀመጥኩ። እጄን በሩ መክፈቻ ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፍኩት። ደወሉ ሲደወል ሞተር አስነስቼ ሄድኩ። ለካስ እህቴ ከመስኮቱ መኪናዬን አውቀውት ኖሯል፤ መኪናዬ ስትሄድ አይተው፣ ልጆች፣ ወንድሜ አሞታል መሰለኝ፣ ሌላ ጊዜ ይመጣል አሏቸው። ይህን የነገረችኝ ወንበሩን ስትገፋ የነበረችው ልጃቸው ናት፤ የነገረችኝም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አጎቴ ብላ አልጠራችኝም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖሩ። ሄጄ ስጠይቃቸው ስለዚያ ነገር አላነሱብኝም፤ ቁርስ በላህ ወይ ነው ያሉኝ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት መናገር አቅቷቸው፣ ከትናንት በስቲያ ጠዋት በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ አልደረስኩም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ዝም ብለው ከተኙበት ግን አይጠራም፤ እኔ አርባ ሁለት ዓመት ተኝቼበታለሁ። ትናንት ለልቅሶ ከመጣችሁት ልጆች መካከል የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ አጠገቤ መጥታ፣ ጋሼ፣ ከወረቀቱ ስር ያለው ማነው ብላ ጠየቀችኝ። ትናንት ሰው ሁሉ ሲያየኝ ዝም አልኳት። አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ፤ ሁላችሁም ስሙ። ከወረቀቱ ስር የተጻፈው የእኔ ስም ነው፤ የሮጡት ግን እትዬ ሰከንድ ናቸው። ዕድሜያቸው አሥራ ስድስት ነበር። ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ማንም አላሠለጠናቸውም፣ ማንም አላበረታታቸውም፣ ሲገቡም ማንም ስማቸውን አልጠራም። በሚመጣው ማክሰኞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጥቼ ወረቀቱን እልጣለሁ፤ ስሜንም ፍቄ የእሳቸውን እጽፋለሁ። እስክታዩኝ ድረስ አትመኑኝ። መምህርታችሁ አምነውኝ ሦስት ማክሰኞ ጠብቀውኛል።

እህቴ ከባለቤታቸው ጋር ሠላሳ ሁለት ዓመት በፍቅር ኖረው፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ አርባ ሦስት የዘንድሮ ተማሪዎች፣ ከእነሱ በፊትም ያስተማሯቸውን እጅግ ብዙ ልጆች ትተው አልፈዋል። አንድ ወንድምም ትተዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ትንፋሽ በማያጥርበት ቦታ ያኑራቸው። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። እኔን ግን ከዚህ ስንመለስ ያጽናህ እያላችሁ እጄን እንዳትጨብጡኝ እለምናችኋለሁ፤ ማክሰኞ ይለፍ።